ስለ ሪስፐሪዶን ክኒን፣ ከአስታማሚ ወገን

ታናሽ ወንድሜ ስኪዞፍሬኒያ (የሌለ ድምፅ የሚያሰማ፣ ሰውን የሚያስጠረጥር የአእምሮ ሕመም) እንዳለበት ተነግሮት ሕክምና ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል። ሪስፐሪዶኑን ከመድኃኒት ቤት የማወጣው፣ ማታ ማታ ከውኃ ጋር የማቀርብለት፣ ከገበያ ሲጠፋ ከፒያሳ እስከ መርካቶ የምፈልገው እኔ ነኝ። ሐኪም አይደለሁም፤ የምጽፈው ክኒኑ በአንድ ቤት ውስጥ ምን እንደሚያደርግ በቅርብ ያየሁትንና ከሐኪሞቹ የተማርኩትን ነው። ፍርዴን ላስቀድም፦ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ወንድሜን መልሶ ሰጥቶናል። በቂ ማብራሪያ ሳይታከልበት ለቤተሰብ መሰጠቱ ግን እስከ ዛሬ ያስቆጣኛል።

ሪስፐሪዶን ያንሰን በተባለው የቤልጂየም ኩባንያ የተገኘ ሲሆን አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1993 መጨረሻ ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ያመርቱታል፤ እኛ እጅ የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ የሕንድ ምርት ነው። ሥራው ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የተባሉት ንጥረ ነገሮች አንጎል ውስጥ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች መያዝ ነው። ወንድሜ ታሞ ሳለ የጎረቤት የቆርቆሮ በር በተንኳኳ ቁጥር ስሙን የሚጠሩት ይመስለው ነበር። እናታችን ያቀረበችለትንም ምግብ እርሷ አስቀድማ ካልቀመሰችለት አይነካም ነበር።

ውጤቱ በአንድ ጀንበር አልመጣም። እንቅልፉ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተስተካከለ፣ ቁጣውም በረደ፤ ድምፆቹ ግን ሳምንታት ወሰዱ። «አሁንም አሉ፣ ግን ግድግዳ ማዶ ሄደዋል» ይለን ነበር። ብዙ ቤተሰብ «አልሠራለትም» ብሎ ተስፋ የሚቆርጠው በዚህ መሀል ነው። የማቆሙ ነገር ደግሞ ከዚህ የከፋ ወጥመድ አለው። ሐኪሙ በግልጽ እንደነገሩን፣ መድኃኒቱ በተቋረጠ ማግስት ሕመሙ ላይመለስ ይችላል፤ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ሲያገረሽ ግን ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኝ ሰው አይኖርም። «ያለ መድኃኒትም ደህና ሆኖ ነበር እኮ» ይባላል። ስለዚህ መቀነስም ሆነ ማቆም ካስፈለገ ከሐኪሙ ጋር ተመካክሮ፣ ቀስ በቀስ መሆን አለበት። አንድ ቀን ከተረሳና የሚቀጥለው ሰዓት ከተቃረበ ደግሞ የቀረውን ትቶ በሰዓቱ መቀጠል እንጂ ሁለቱን ደርቦ መዋጥ አይገባም።

አሁን ወደ ጉዳቱ ልምጣ፤ ከሁሉም በላይ ላስረዳው የምፈልገው መቁነጥነጡን ነው። መጠኑ በተጨመረ ሰሞን ወንድሜ መቀመጥ አቃተው። ከሳሎን እስከ ግቢው በር ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል። ቡና ሲቀርብ ስኒውን ይዞ ቆሞ አንዱን እግሩን ያነሣል፣ ሌላውን ያሳርፋል። አጎታችን አይተው «ሕመሙ ተነሥቶበታል፣ መድኃኒቱ ይጨመርለት» አሉ። ወንድሜን ለብቻው ወስጄ ስጠይቀው ግን «ሐሳቤ ደህና ነው፣ እግሮቼ ናቸው እንቢ ያሉኝ» አለኝ። ሐኪሙ ይህን ሲሰሙ መጠኑን ዝቅ አደረጉ፤ ለጊዜውም መቁነጥነጡን የሚያስታግስ ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ጨመሩለት፣ ተሻለው። በዚያን ሰሞን የአጎቴ ምክር ተሰምቶ ቢሆን ኖሮ ያሠቃየውን ነገር እንጨምርለት ነበር። ለአብዛኛው አዋቂ ታማሚ በቀን ከ2 እስከ 6 ሚሊ ግራም ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሲኬድ ጥቅሙ ብዙም ሳይጨምር ጉዳቱ ይበዛል። አስታማሚ የሆነ ሰው ሁሉ «ሕመሙ ነው ወይስ ክኒኑ?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል፤ መልሱንም ብዙ ጊዜ የሚያውቀው ታማሚው ራሱ ነው።

አንገት ቢጣመም፣ ዓይን ወደ ላይ ቢሰቀል፣ መንጋጋ ቢቆለፍ ያስደነግጣል፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ከተደረሰ ግን በመርፌ ወይም ብዙዎቻችን አርቴን በምንለው ክኒን ይፈታል። ከፍተኛ ትኩሳት፣ የሰውነት መገተር፣ ላብና መቃዠት አንድ ላይ ከታዩ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም አይደለም፣ ይገድላል ግን፤ ክኒኑን ሳይሰጡ ወዲያውኑ ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ነው።

ውፍረቱ ቀስ ብሎ ነው የመጣው። ወንድሜ እራት በልቶ እንደገና ድስት ይከፍት ጀመር። አሁን በየወሩ እንመዝነዋለን፤ የደም ግፊቱንና በባዶ ሆድ የሚለካውን የደም ስኳሩንም በቀጠሮ እናሳያለን። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከአልጋው ድንገት ሲነሣ ያዞረው ስለነበር ጠርዙ ላይ ጥቂት ተቀምጦ እንዲነሣ ተነግሮታል። አንድ ነገር ደግሞ በእህት ፊት አይነገርም፦ ይህ መድኃኒት ፕሮላክቲን የተባለውን ሆርሞን ከፍ ስለሚያደርግ የወንድ ጡት ሊያብጥ፣ የወሲብ ፍላጎት ሊቀንስ፣ የሴት የወር አበባ ሊዛባ ወይም ጡቷ ሳትወልድ ወተት ሊያፈስ ይችላል። ብዙ ወጣት በዚህ አፍሮ መድኃኒቱን በድብቅ ይተዋል። ስለዚህ በየቀጠሮው ከክፍሉ ወጥቼ ከሐኪሙ ጋር ብቻቸውን እተዋቸዋለሁ።

በማሸጊያው ቅር ብሎኛል። ውስጡ የተጣጠፈው ወረቀት በእንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉ ደቃቅ በመሆኑ እንግሊዝኛ ለሚያውቅ ሰው እንኳን መነጽር ይጠይቃል። ለእናቴ ምን ይጠቅማታል? አምራቹ በተለወጠ ቁጥር የክኒኑ ቀለምና ቅርጽም ይለወጣል። አንድ ጊዜ ከሰፈራችን ራቅ ያለ መድኃኒት ቤት ባለ 2 ሚሊ ግራሙ አልቆበት ባለ 4 ሚሊ ግራሙን ሰጠኝ፤ በፖስታው ላይ ግን እንደ ቀድሞው «ማታ 2 ፍሬ» ብሎ ጻፈበት። እቤት ገብቼ ክኒኖቹን በየቀኑ ስከፋፍል የማሸጊያውን ጀርባ ባላነበው ኖሮ ወንድሜ 8 ሚሊ ግራም ይውጥ ነበር። ተመልሼ ስናገር ሻጩ «ያው መድኃኒት ነው» አለኝ። ያው አይደለም! ስሙ አንድ ቢሆንም መጠኑ እጥፍ ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ አሁን የምንጠቀምበት መድኃኒት ቤት ባለሙያዋ ክኒኑን ከመስጠቷ በፊት «እስኪ እንዴት እንደምትሰጪው ንገሪኝ» ትለኛለች። ስነግራት ታዳምጣለች፣ ካጎደልኩ ታርመኛለች፣ ሌላ መድኃኒት ጀምሮ እንደሆነም ትጠይቃለች። ካርባማዜፒን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሪስፐሪዶንን ኃይል እንደሚቀንስ፣ ለድብርት የሚሰጠው ፍሉኦክሰቲን ደግሞ እንደሚጨምረው የሰማሁት ከእርሷ ነው። ይህን ሁሉ ለመናገር ደቂቃዎች ይበቋታል፤ ሌላው ቦታ የማይደረግበት ምክንያት አይገባኝም።

ጫትን በተመለከተ ሐኪሙ ቃላቸው ቁርጥ ያለ ነበር፤ ክኒኑ የዶፓሚንን ሥራ ሲያበርድ ጫት ዶፓሚኑን ከፍ ያደርጋልና። አረቄም ድብታውን ያብሳል። ጾም ግን አላስቸገረንም፤ ማታ አንድ ጊዜ ስለሚወሰድ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ስለሚዋጥ ከሰዓቱ ጋር አይጋጭም። ጠበል ቦታ አንዳንድ ሰዎች «ክኒን እየዋጠ አይሆንም» ብለውን እናቴ ሌሊቱን ስታለቅስ አድራለች። የንስሐ አባታችን «ሁለቱንም የሰጠ እግዚአብሔር ነው፣ ይጠመቅ፣ መድኃኒቱንም ይውሰድ» ብለው ገላገሉን።

የጎረቤታችን ልጅ ደግሞ አእምሯቸው የደከመ አሮጊት እናቷ ሌሊት ስለሚጮኹ ከወንድሜ ክኒን ጥቂት እንድሰጣት ለመነችኝ። ችግሯ ገብቶኛል፣ ግን አልሰጠኋትም። በመርሳት ሕመም የተያዙ አረጋውያን ይህን ዓይነት መድኃኒት ሲወስዱ የሞት አደጋቸው እንደሚጨምር የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2005 አስጠንቅቋል። እናቷን ሐኪም ዘንድ አብረን ወሰድናቸው።

ክኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚታክተው ወይም ምላሱ ሥር ለሚደብቅ ሰው እንደ ፍሉፌናዚን ያለ፣ በየሁለት እስከ አራት ሳምንቱ የሚወጋ መርፌ አለ፤ ሐኪሙን መጠየቅ ይቻላል። ለወንድሜም ቀርቦለት ነበር፣ ክኒኑን መረጠ። በየእሑዱ የሳምንቱን ክኒን የቀኖቹ ስም በአማርኛ በተጻፈበት ሳጥን ውስጥ የሚደረድረው አሁን እርሱ ራሱ ነው። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ በማሸጊያው ላይ ያለውን የሚሊ ግራም ቁጥር አነባለሁ።