ብሌችሊ ከሄዳችሁ ቀርፋፋውን ኮምፒውተር ሳታዩ እንዳትመለሱ

እንግሊዝ አገር፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመን ምስጢር ይፈታበት የነበረውን ብሌችሊ ፓርክን ጎብኝተው ብሔራዊ የኮምፒውተር ሙዚየምን ሳያዩ የሚመለሱ ብዙ ናቸው። ሙዚየሙ እዚያው አካባቢ፣ ብሎክ ኤች በሚባለው ሕንፃ ውስጥ ነው። ድርጅቱ ሌላ ስለሆነ ትኬቱም ለየብቻ ነው፣ ይህን ቀድማችሁ እወቁ።

ሰው የሚጎርፈው ኮሎሰስ የሚባለውን የጦርነት ጊዜ ኮምፒውተር ለማየት ነው። አይፈረድበትም። ቶሚ ፍላወርስ የሚባል የፖስታ ቤት መሐንዲስ የጀርመን አዛዦች ሎሬንዝ በተባለ መሣሪያ የሚላላኩትን ምስጢር ለመፍታት የሠራው ነው፤ ማሽኑ ብሌችሊ ላይ ሥራ የጀመረው በ1944 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ያዙልኝ)። ከጦርነቱ በኋላ ግን ከተሠሩት ኮሎሰሶች አብዛኞቹን ፈታትተዋቸዋል። አሁን የሚታየውን ቶኒ ሴልና ባልደረቦቹ ከጥቂት ፎቶዎችና ከተራረፉ ንድፎች ተነስተው፣ ከ1993 ጀምሮ ዓመታት ፈጅተው እንደገና የሠሩት ነው። የተበሳሳው የወረቀት ጥብጣብ በሰከንድ 5,000 ፊደል ሲያስነብብ ጉድ ያሰኛል። ቢሆንም ቅጂ ነው።

የእኔ ምርጫ ሃርዌል ዴካትሮን የሚባለው ኮምፒውተር ነው። ይሄ ራሱ ዋናው ነው። በ1951 ሃርዌል የአቶሚክ ምርምር ማዕከል ሥራ ጀመረ፣ ቆይቶ ዎልቨርሃምፕተን ከተማ ኮሌጅ ውስጥ ተማሪ ሲያስተምር እስከ 1973 ከረመ፣ ከዚያ በርሚንግሃም ሙዚየም ሲታይ ቆይቶ ተፈታትቶ መጋዘን ገባ። ከ2009 ጀምሮ ጠግነውት በ2012 እንደገና ተነሳ። 2.5 ቶን ይመዝናል።

ፍጥነቱን አትጠይቁ። አንድ ማባዛት ከ5 እስከ 10 ሰከንድ ይፈጅበታል። አንድ የሂሳብ ሰው በእጅ ማስያ ተወዳድሮት ግማሽ ሰዓት ያህል እኩል ሄዶ ነበር አሉ፣ ከዚያ ሰውየው ደክሞት ተወው፣ ማሽኑ ቀጠለ። ውበቱም ያው ቀርፋፋነቱ ነው። 828 ዴካትሮን አለው፤ እያንዳንዱ አንድ አሃዝ የሚይዝ የመስታወት ቱቦ ነው፣ ውስጡ ያለችው የብርሃን ነጥብ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ስትዞር ሪሌ የሚባሉት በኤሌክትሪክ የሚከፈቱና የሚዘጉ ማብሪያዎች ቀጭ ቀጭ ይላሉ፣ እና ሂሳቡ ሲሠራ በዓይናችሁ ትከተሉታላችሁ። ስልካችን ውስጥ ያለውን ማን አይቶት ያውቃል?

ሁሉም ማሽን ሁልጊዜ አይበራም፣ ስለዚህ የሚከፈትበትን ቀንና የሚሠራውን ድረ ገጻቸው ላይ እዩ። ከለንደን ዩስተን በባቡር ብሌችሊ ትወርዳላችሁ፣ የቀረው በእግር ነው። ልጆች ካሏችሁ ድሮ ትምህርት ቤት የነበሩት የቢቢሲ ማይክሮ ኮምፒውተሮች ያሉበት ክፍል አለ፤ እነሱን እዚያ አስቀምጣችሁ ዴካትሮኑ ጋ ተመለሱ።