እስክርቢቶ የሚመስለው መቅረጸ ድምፅ፦ ዕቃው ደህና፣ ማስታወቂያው ጠንቅ

የምሠራው ለእግር ኳስና ለቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ውል መደራደር ነው። በዚህ ሥራ በቃል የተሰጠ ተስፋ ጤዛ ነው። «የቤት ኪራዩን እኛ እንችላለን» ያለ የክለብ ኃላፊ፣ ፊርማው ካረፈ በኋላ «መቼ ወጣኝ?» ይላል። እስክርቢቶ የሚመስለውን መቅረጸ ድምፅ የገዛሁትም ለዚሁ ነው። የአምራቹን ስም ማንሳት አያስፈልግም፤ በዚህ መልክ የሚሸጡት ብዙ ናቸው።

ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ የሁሉንም ንግግር ለይቶ ይይዛል፤ ዝቅ ባለ ድምፅ የተነገረ አኃዝ እንኳ አያመልጠውም። ደረት ኪስ ውስጥ ሲገባ ግን ልብሱ ማይክሮፎኑን በነካ ቁጥር የሚሰማው ኮሽታ ብቻ ነው፤ የተባለው ሁለት መቶ ሺህ ይሁን ሦስት መቶ ሺህ መለየት ያስቸግራል። ከሁሉ የከፋው ሰዓቱ ነው። ባትሪው ጨርሶ ሲያልቅ ቀኑ ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ይመለሳል፤ ካላስተካከሉት የዛሬው ፋይል የዓመታት ዕድሜ ያለው መስሎ ይቀመጣል። ለማስታወሻ ከሆነ ግድ የለም። ክርክር ከተነሳ ግን የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ቀድሞ የሚይዘው ይህንኑ ነው፦ መቼ ተቀረጸ? ተቆርጧል? ዋናው ፋይል የት አለ?

ማሸጊያው በደማቅ ፊደል «ማንም ሳያውቅ ይቅረጹ» ይላል። ቀይዋን መብራት የሚያጠፋ ቁልፍም አለው። በመመሪያው ላይ ስለ ሕግ የተጻፈ አንዲት መስመር የለም፤ ያናደደኝም ይህ ነው። ይህን እስክርቢቶ ኪሱ ውስጥ ሸጉጦ ከኒው ዮርክ ወደ ካሊፎርኒያ የበረረ ወኪል፣ ያንኑ ድርጊት በመድገሙ ብቻ ወንጀለኛ ሊሆን ይችላል። በኒው ዮርክ ሕግ ከተነጋጋሪዎቹ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል፤ ቀራጩ ራሱ ተነጋጋሪ ከሆነ የእርሱ ፈቃድ በቂ ነው። ካሊፎርኒያ ግን ምስጢራዊ ንግግር ለመቅረጽ የሁሉንም ፈቃድ ትጠይቃለች። የጣሰ ሰው እስከ 2,500 ዶላር መቀጮና እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊያገኘው ይችላል። የተቀረጸው ሰውም በፍትሐ ብሔር ከሶ ለእያንዳንዱ ጥሰት 5,000 ዶላር ወይም የደረሰበትን ጉዳት ሦስት እጥፍ፣ ከሁለቱ የሚበልጠውን፣ መጠየቅ ይችላል። በጀርመን ደግሞ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት ይደርሳል።

«ከጠቀመኝ ምን ቸገረኝ» የሚል ገዢ አይጠፋም፤ የስፖርቱ ታሪክም ያደፋፍረዋል። እ.ኤ.አ. በ2014 የአሜሪካው ቅርጫት ኳስ ቡድን የሎስ አንጀለስ ክሊፐርስ ባለቤት ዶናልድ ስተርሊንግ በግል የተናገሩት ዘረኛ ንግግር ተቀርጾ አደባባይ ወጣ። ቡድኑ የሚጫወትበት ሊግ፣ የኤንቢኤ፣ ኮሚሽነር አዳም ሲልቨር የፍርድ ቤት ውሳኔ አልጠበቁም፤ በቀናት ውስጥ ሰውየውን ዕድሜ ልክ አግደው 2.5 ሚሊዮን ዶላር ቀጧቸው። ቡድኑም ለስቲቭ ቦልመር በ2 ቢሊዮን ዶላር ተሸጠ። የፊፋ ሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴ አባል የነበሩት አሞስ አዳሙ ደግሞ በ2010 ማንነታቸውን በደበቁ ጋዜጠኞች ተቀርጸው ሦስት ዓመት ታገዱ። ቅጂው የተገኘው በሕገ ወጥ መንገድ ነው ብለው ለስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ይግባኝ ቢሉም፣ በ2012 ፍርድ ቤቱ ማስረጃውን ተቀብሎ እገዳውን አጸና።

በሁለቱም ጉዳይ የተቀጣው ተናጋሪው ነው። ሊግና ፌዴሬሽን በራሳቸው ደንብ ስለሚዳኙ ለእንዲህ ያለ ቅጂ በር ይከፍታሉ፤ ይህ ግን ቀራጩን ከመደበኛው ሕግ አያስጥለውም። በድብቅ የቀረጽኩትን የቤት ኪራይ ተስፋ ይዤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ክለቡን በፍትሐ ብሔር ብከስ፣ ቅጂው ውሉን ለማስከበር በማስረጃነት አይቀርብልኝም። በእኔ ላይ ለሚመሠረት ክስ ግን ይቀርባል! ማሸጊያው ላይ መጻፍ የነበረበት ይህ ነበር።

እኔ የምጠቀምበት መብራቱን አብርቼ፣ ጠረጴዛው መካከል አስቀምጬ ነው። «ለማስታወሻ እንድቀርጽ ትፈቅዳላችሁ?» እላለሁ፤ መልሳቸውም ከንግግሩ ሁሉ ቀድሞ ይቀረጻል። አንድ የክለብ ኃላፊ እስክርቢቶውን ትክ ብለው አይተው «ይቅርብን፤ ያልነውን ሁሉ በጽሑፍ እንልክልዎታለን» አሉኝ። ደብዳቤው በማግስቱ ደረሰ፤ የቤት ኪራዩም በቁጥር ተጽፎበታል።

ከአምስት ሦስት ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት በሰዓቱ፣ ሌላውን በማሸጊያው ምክንያት ነው። በግልጽ ለሚቀርጽ ሰው ዋጋው አይቆጭም፤ ኪስ ውስጥ ለመደበቅ የሚፈልግ ግን ከመግዛቱ በፊት ስብሰባው የሚካሄድበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያማክር።