ሳጥኑ አዲስ፣ አውሮፕላኑ አሮጌ፤ ሞዴል ኪት የምትገዙ ተጠንቀቁ

ይህን የምጽፈው ከተሸወድኩ በኋላ ነው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በሉኝ፣ እቀበላለሁ። የእኔ ጅብ ሄዷል። የእናንተ ግን ገና እየመጣ ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኦንላይን ከሚሸጥ አንድ ሰው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ኪት ገዛሁ፤ ክፍሎቹን ራሳችን አጣብቀን የምንገጣጥመው የፕላስቲክ ሞዴል ማለት ነው። መጠኑ 1/48 ነው፤ የእውነተኛው አውሮፕላን 48 ሴንቲ ሜትር እዚህ 1 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ማስታወቂያው «አዲስ፣ ያልተከፈተ፣ በውስን ቁጥር የወጣ» ይላል። ፎቶው የሚያሳየው ሳጥኑን ብቻ ነው። የሳጥኑ ሥዕል ደግሞ ልብ ይሰርቃል። ደመና፣ ጭስ፣ ክንፉን ያጋደለ አውሮፕላን። ዋጋው ጠንከር ያለ ነበር። «አዲስ ከሆነ ምን ይደረጋል» ብዬ ከፈልኩ።

ዕቃው ሲደርስ ላስቲኩ አልተነካም። ሳጥኑ ያብረቀርቃል። ከፈትኩት። መጀመሪያ ያነሳሁት የአውሮፕላኑን ገላ ነው፤ ሁለት ግማሽ ሆኖ ነው የሚመጣው። አንዱን ካንዱ ሳጋጥመው ጭራው ሲገጥም አፍንጫው ይከፈታል። አፍንጫውን ስጫነው ጭራው ይከፈታል። እንደ ሙዝ ጎብጧል። በየክፍሉ ጠርዝ ላይ ስስ የፕላስቲክ ትርፍ ተንጠልጥሏል። የአብራሪው መስታወት ለብቻው በከረጢት መሆን ሲገባው ከሌላው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ተጭሯል። ዲካሉ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ ነክረን የምንለጥፈው ምልክት፣ ቢጫ ሆኗል። የማረፊያ እግሮቹ ያሉበት ፍሬም፣ ማለትም ክፍሎቹ ተያይዘው የሚመጡበት የፕላስቲክ ክፈፍ፣ ጭራሽ የለም። ክንፉን ሳገላብጠው ደግሞ ከውስጥ በኩል ትንሽ የቁጥር ማህተም አገኘሁ፤ 1977።

ለሻጩ ጻፍኩለት። መልሱ እንዲህ ነበር፤ «ወንድሜ፣ እኔ አዲስ ያልኩት ሳጥኑን ነው። ሳጥኑ አዲስ አይደለም እንዴ?»

ሳጥኑማ አዲስ ነው። ምን ይባላል! ገንዘቤን መልስልኝ ስለው «ላስቲኩን ቀደኸዋል፤ የተከፈተ ዕቃ አልመልስም» አለኝ። ሳይከፈት ውስጡ አይታይም፤ ከተከፈተ አይመለስም። ከዚያ በኋላ ላሽ አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ብዙ ሰው የማያውቀው ይህን ነው፤ እኔም በደንብ የገባኝ ከተበላሁ በኋላ ነው።

የፕላስቲክ ሞዴል የሚሠራው ፖሊስታይሪን የሚባለውን ፕላስቲክ አቅልጦ ብረት ቅርጽ ማውጫ ውስጥ በኃይል በመርጨት ነው። ይህን ቅርጽ ማውጫ ሞልድ እንለዋለን። ሞልድ መቅረጽ ውድ ነው። አንዴ ከተቀረጸ ግን ለአሥርት ዓመታት ያገለግላል። ስለዚህ አምራቾች ያንኑ አሮጌ ሞልድ ያወጡና አዲስ ሳጥን፣ አዲስ ሥዕል፣ አዲስ ዲካል አድርገውለት በድጋሚ ይሸጣሉ። ሞልዱ ከኩባንያ ወደ ኩባንያም ይሸጣል። ፍሮግ የሚባለው የእንግሊዝ አምራች ሥራ ሲያቆም ብዙዎቹ ሞልዶቹ ወደ ሶቪየት ኅብረት ሄደው ኖቮ በሚል ስም ወጡ። ማችቦክስ የሚባለው አምራች አውሮፕላኖች በሌላው አምራች በሬቬል ሳጥን ተሸጡ። የሞኖግራምም እንዲሁ። አንድ አውሮፕላን ሦስት አራት ስም ይዞ ዓለምን ሊዞር ይችላል፤ ፕላስቲኩ ግን ያው ነው።

ይህ በራሱ ማጭበርበር አይደለም። ይህን በደንብ ልብ በሉልኝ፣ አሮጌ ሞልድ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። የሞኖግራም 1/48 ቢ-17 ቦምብ ጣይ የ1970ዎቹ ሥራ ነው። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 66 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ቅርጹ ዛሬም ያስደስታል፤ በአሮጌ ዋጋ ካገኘሁት ነገ እገዛዋለሁ። ችግሩ የሚመጣው አሮጌውን በአዲስ ዋጋ፣ «አዲስ» ብሎ የሚሸጥ ሰው ሲመጣ ነው።

ታዲያ እንዴት ይታወቃል? ቃላቱን ለዩ። «ኒው ቱል» የሚል ከተጻፈበት ሞልዱ ራሱ አዲስ ነው። «ኒው ፓርትስ» ካለ አሮጌው ላይ ጥቂት ክፍሎች ተጨምረዋል ማለት ነው። «ኒው ዲካልስ» ካለ ደግሞ የተቀየረው የሚለጠፈው ብቻ ነው። «ሊሚትድ ኤዲሽን» ስለ ሞልዱ ዕድሜ ምንም አይነግራችሁም። እኔ የወደቅኩት እዚህ ላይ ነው። «በውስን ቁጥር» የሚለውን ሳነብ በጭንቅላቴ «ምርጥ» ብዬ ተረጎምኩት።

ስኬልሜትስ የሚባል ድረ ገጽ አለ፤ በነፃ ይታያል። የኪቱን ስምና የሳጥኑን ቁጥር ስታስገቡ ያ ሞልድ መጀመሪያ በየትኛው ዓመት እንደወጣና በኋላ በእነማን ሳጥን እንደተሸጠ በመስመር ዘርግቶ ያሳያችኋል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ እነዚያን ሁለት ደቂቃዎች የሳጥኑን ሥዕል በማድነቅ አሳለፍኳቸው።

ፎቶ ላይ ደግሞ የክንፉን መስመሮች እዩ። እውነተኛ አውሮፕላን የተገጣጠመባቸው ቆርቆሮዎች መጋጠሚያ መስመር አለ። በአሮጌ ሞልድ ላይ ይህ መስመር ብዙውን ጊዜ እንደ ክር ወደ ላይ ወጣ ያለ ነው። በአዳዲሶቹ ላይ ወደ ውስጥ የተቦረቦረ ነው። ልዩነቱ የውበት ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱን ግማሽ ገላ አጣብቃችሁ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት ስትሞርዱ ወጣ ያለው መስመር አብሮ ይጠፋል። ከቀለም በኋላ መስመሩን ለማጉላት የምናፈሰው ቀጭን ጥቁር ቀለምም የሚቀመጥበት ቦይ አያገኝም። ያኔ ያለው ምርጫ መስመሩን ሁሉ በመርፌ አዲስ መቦርቦር ነው። ትዕግሥት ላለው ሀሪፍ ሥራ ነው። ለጀማሪ ግን ሞዴሉን ወርውሮ ከነጭራሹ ለመተው ምክንያት ይሆናል።

ሌላው መጠኑ ነው። ድሮ አንዳንድ ኪቶች የሚሠሩት ሳጥኑ ውስጥ እንዲገቡ ተደርጎ ነበር። በኋላ ሳጥኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ከእውነቱ ጋር ላይገጥም ይችላል። በማስመሪያ ይፈተናል። ስፒትፋየር የሚባለው የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላን ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው። በ1/48 23.4 ሴንቲ ሜትር፣ በ1/72 ደግሞ 15.6 ሴንቲ ሜትር መሆን አለበት። ሻጩን «ክንፉን ከማስመሪያ ጋር ፎቶ አንሳልኝ» ማለት ነውር አይደለም።

ፎቶ ካነሳን፣ ሁሉንም ፍሬም ጠይቁ። ክፍሎቹ የተያያዙባቸው ፍሬሞች ኤ፣ ቢ፣ ሲ እየተባሉ ፊደል አላቸው። መመሪያው ላይም ሥዕላቸው አለ። ሻጩ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ ጎኑ የዕለቱ ቀን የተጻፈበት ወረቀት አድርጎ ያንሳ። «የታሸገ ስለሆነ አልከፍተውም» ካላችሁ፣ ላስቲክ በሙቀት የሚያሽግ ማሽን ማንም ሊኖረው እንደሚችል አስታውሱ። ከዚህም በላይ፣ አንዳንድ አምራቾች ሳጥኑን ጭራሽ በላስቲክ አይጠቀልሉም። ላስቲክ የማንም ምስክር አይደለም። የእኔ ኪት ላይ የጎደለው ፍሬም ያለ ጥርጥር ከመታሸጉ በፊት ነው የወጣው፤ በየት በኩል ይወጣል?

ታንክ የምትሠሩ ደግሞ ሰንሰለቱን እዩ። በቆዩ ኪቶች ለስላሳው የጎማ ሰንሰለት ከፕላስቲኩ ጋር ለዓመታት ተነካክቶ ከተቀመጠ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ሳጥኑ ተከፍቶ ጎማዎቹ ተበልተው ያየ ሰው አይረሳውም።

ጥሩ አጋጣሚ የሚመስሉ ሌሎች ሁለት ወጥመዶችንም ቶሎ ልጥቀስ። አንደኛው የተቀዳ ሬዚን ነው፤ ሬዚን ፈሳሽ ሆኖ ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ ነው። ትንንሽ አምራቾች የሚሠሩትን የሬዚን ክፍል ገዝቶ፣ በሲሊኮን ቅርጹን ወስዶ፣ አባዝቶ በርካሽ የሚሸጥ አለ። ቅጂው ከዋናው በመጠን ትንሽ ያንሳል፤ ስለዚህ አይገጥምም። የአየር አረፋም ይበዛበታል። ከፈለጋችሁት ዋናውን ግዙ፤ ስትሞርዱትም በውሃ አርጥባችሁና ጭምብል አድርጋችሁ ይሁን፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም።

ሁለተኛው «ሙሉ የኤርብራሽ ስብስብ» የሚባለው ነው። ትንሽ ኮምፕሬሰር (አየር የሚጨምቅ ማሽን)፣ አንድ ኤርብራሽ (በአየር ግፊት ቀለም የሚረጭ ብዕር መሰል መሣሪያ)፣ አሥር ምናምን የቀለም ጠርሙስ። ኮምፕሬሰሩ የአየር ታንክ ከሌለው አየሩ እየተቆራረጠ ይመጣል። የእርጥበት ማጥመጃ ከሌለው ደግሞ ልክ ክንፉ ሲያምር ጠብ የሚል ውሃ ይተፋል። የግፊት መቆጣጠሪያ ከሌለው ጭራሽ አትንኩት። ለሞዴል የሚበቃን ከ15 እስከ 20 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ገደማ ነው። መለዋወጫ መርፌና አፍንጫ የሚገኝለት መሆኑንም አጣሩ። 0.3 ሚሊ ሜትር አፍንጫ ለጀማሪም ለቆየም ይሆናል።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ነገር። ቅሬታ ማቅረብ በሚቻልበት መንገድ ክፈሉ፤ በቀጥታ ወደ ሰው ሂሳብ የተላከ ገንዘብ የሚመለሰው ሰውየው ፈሪሃ እግዚአብሔር ካለው ብቻ ነው። ዕቃው ሲደርስም ከአድራሻው ወረቀት ጀምራችሁ እስከ መጨረሻው ፍሬም ድረስ ሳትቆርጡ ቪዲዮ ቅረጹ። እኔ አልቀረጽኩም። ስለዚህ የጎደለውን ፍሬም አንተ ጥለኸው ነው ብባል መልስ የለኝም።

እንደ እኔ ቀድማችሁ ለገዛችሁ፣ ትንሽ ማትረፍ ይቻላል። የጎበጠውን ገላ ሞቅ ባለ ውሃ (የፈላ አይሁን) ውስጥ ነክሮ በእጅ ቀስ ብሎ ማቃናት ይሠራል። ቢጫ የሆነውን ዲካል ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ለጥፎ ለቀናት መተው ቢጫውን ያነሳዋል። ከመጠቀማችሁ በፊት ግን የማያስፈልጋችሁን አንዱን ቆርጣችሁ ውሃ ውስጥ ሞክሩ። ከተሰባበረ፣ ሙሉውን ወረቀት በስሱ ቫርኒሽ ነፍታችሁ ሲደርቅ እያንዳንዱን ጠጋ አድርጋችሁ በመቀስ መቁረጥ ነው። የእኔ ከዚህም በኋላ ተሰባበረ።

የማረፊያ እግር ስለሌለው እንደሚበር አድርጌ ሽቦ ላይ ልሰቅለው አስቤ ነበር። የተጫረውን መስታወት በተመሳሳይ ቀን ሱፐር ግሉ አስነክቼው በጭስ የተሸፈነ መስሎ ነጣ፤ ይህኛው ጥፋት የእኔ ነው። አሁን አውሮፕላኑ ቀለም መሞከሪያ ሆኗል። ግራ ክንፉ ላይ አራት ዓይነት አረንጓዴ አለ፣ ቀኙ ላይ የብር ቀለም ልምምድ። ሳጥኑን አልጣልኩትም፤ ብሩሾቼን አስቀምጥበታለሁ። ሥዕሉ እስካሁን ያምራል። ያ ማስታወቂያም፣ ትናንት እንዳየሁት፣ በዚያው ፎቶ እንደገና ወጥቷል።