ለእማዬ የሸንገን ቪዛ ያስጨረስንበት ኤጀንሲ፣ ለምኑ መክፈል ያዋጣል ለምኑስ አያዋጣም

እህቴ ጀርመን ነው የምትኖረው፣ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ስትል እማዬ ሄዳ እንድታርሳት ፈለግን እና ጉዳዩን ቦሌ አካባቢ ላለ ቪዛ የሚያስጨርስ ኤጀንሲ ሰጠነው። ስሙን አልጠራም፣ ከጓደኞቼ እንደሰማሁት ብዙዎቹ አሰራራቸው ተቀራራቢ ነው፣ እናንተንም የሚጠቅማችሁ አሰራሩን ማወቁ ነው። በኔ በኩል ከ5 ኮከብ 2 ነው የምሰጣቸው፣ ሁለቱም ፎርም ለሞላችልን ልጅ ነው።

ልጅቷ እውነት ጎበዝ ናት። እንደምታውቁት ፓስፖርታችን ላይ ሰርኔም የሚለው ቦታ የሚገባው የአያት ስም ነው፣ ስለዚህ የእማዬ ሰርኔም የሷ አያት ስም ነው፣ የእህቴ ደግሞ የአባታችን አባት። ማህጸን ያገናኛቸው እናትና ልጅ ወረቀት ላይ በአንድ ፊደል እንኳን አይገናኙም ማለት ነው፣ ፋይሉን የሚያየው ጀርመናዊ ይሄን ከየት ይወቅ? ልጅቷ ሁለቱን ፓስፖርቶች ጎን ለጎን አድርጋ እንዳየች የእህቴን የልደት ሰርተፊኬት አምጡ አለችን፣ እዛ ላይ የእናት ስም ሙሉ ስላለ ዝምድናውን የሚያሳየው እሱ ነው። ከዛ ትርጉሙን በጣቷ እየተከተለች ፊደል በፊደል ከፓስፖርቱ ጋር አመሳከረችና የእማዬ የአባት ስም ፓስፖርቱ ላይ በሁለት ኤስ ትርጉሙ ላይ በአንድ ኤስ መሆኑን ያገኘችው እሷ ናት። ወደ ትርጉም ቤቱ መለሰችን፣ የጋብቻ ወረቀቱም ላይ በኛ አቆጣጠር የተጻፈው ቀን በፈረንጆቹ እንዲቀየር አስደረገች። ለእንዲህ አይነት ስራ ብር ብከፍል አይቆጨኝም።

የተናደድኩት በባለቤቱ ነው። ገና ስንገባ "በ15 ቀን ያልቃል፣ ለማዘር መልቲፕል እናስመታላታለን" አለን (ብዙ ጊዜ እየወጡ የሚገቡበት ቪዛ ማለቱ ነው)፣ ለመልቲፕሉ ደግሞ ተጨማሪ ክፍያ ጠየቀ። የአውሮፓ ህብረት ምክር ቤት እኮ በ2024 ሚያዝያ ላይ ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን የሚመለከት ውሳኔ አሳልፏል፣ በዛ ውሳኔ መሰረት የመደበኛው የውሳኔ ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ከፍ ብሏል፣ መልቲፕል ኢንትሪ መስጠትም ቆሟል፣ ሰነድ ጎድሎ እያለ በይሁን ማለፍም የለም። ምክንያቱ መንግስት እዛ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸውን ዜጎቹን በመመለስ ላይ በቂ ትብብር አላደረገም የሚል ነው፣ የልጅ ልጇን ልታቅፍ የምትሄድ ሴት ምን አገባት ብዬ እስካሁን ያንገበግበኛል። ግን ህጉ ይሄ ከሆነ በዚህ ስራ የሚተዳደር ሰው የማይሰጥ ነገር መሸጥ የለበትም። ወረቀቱን ስልኬ ላይ ከፍቼ ሳሳየው ወሬ ቀየረ። ለናንተ ግን ማመልከት የሚቻለው ከጉዞው 6 ወር ቀደም ብሎ ጀምሮ ስለሆነ ለመውለጃ ቀን ምናምን የምትሄዱ ከሆነ 45ቱን ቀን ወደ ኋላ ቆጥራችሁ በጊዜ አስገቡ።

ሌላው ደብዳቤው ነው። "ልጅ ወለደች ካላችሁ ትቀራለች ብለው ይጠረጥራሉ" ብሎ እማዬን ቱሪስት አድርጎ የፓሪስ ሆቴል ቡኪንግ የተያያዘበት ደብዳቤ አዘጋጀ። ፓሪስ! እሷ ገንፎ ልታገነፋ ነው የምትሄደው። አልፈርምም አልኩት፣ ምክንያቱም አንደኛ ብዙውን ቀን የምትቆዩበት አገር ነው ቪዛውን የሚሰጠው፣ ሁለተኛ የውሸት ሰነድ ራሱ የማስከልከያ ምክንያት ነው። እህቴ ከተማዋ ወዳለው የውጭ ዜጎች ቢሮ ሄዳ ፈርፕፍሊሽቱንግስኤርክሌሩንግ የሚሉትን የሃላፊነት መውሰጃ ወረቀት በ29 ዩሮ አወጣች፣ የደሞዝ ወረቀቷን አይተው ነው የሚሰጡት፣ ኦሪጅናሉን በፖስታ ላከችልን። የእማዬን ወጪ በሙሉ እህቴ ትችላለች ማለት ነው። ይሄ እያለ ሰውዬው አካውንቷ ላይ ብር አስገብተን ስቴትመንት እናውጣላት፣ የምንወስደው ትንሽ ፐርሰንት ነው ይላል። ድንገት የገባ ብር እኮ ስቴትመንቱ ላይ አይን ይወጋል! የራሷን የጡረታ ገቢ እንዳለ አስገባን፣ የቤት ካርታ፣ የጋብቻ ወረቀት፣ አባዬ እዚሁ እንደሚጠብቃት የሚገልጽ ደብዳቤ፣ እሱን እኔው ራሴ በግማሽ ገጽ ጻፍኩት፣ ማን እንደምትጠይቅ ስንት ቀን እንደምትቆይ ለምን እንደምትመለስ ብቻ።

የቪዛውን ክፍያ በተመለከተ ለአዋቂ 90 ዩሮ ነው፣ ቢከለከሉም አይመለስም፣ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ መሸፈን አለበት። ኤጀንሲው ለራሱ የሚያስከፍለው ከዚህ ውጪ ስለሆነ ሂሳቡን ለየብቻ በወረቀት አስጽፉ፣ እኛን በድፍኑ ነበር የነገሩን።

አሻራ ላይ የገጠመንን ልንገራችሁ ምክንያቱም ትልልቅ ሰው የምትልኩ ይጠቅማችኋል። የእማዬ ጣት በእድሜም በስራም አልቋል፣ ማሽኑ አላነብ አለ፣ እሷ ደግሞ ጥፋት የሰራች ይመስል ደነገጠች። እዛ የነበረው ልጅ ግን "እናቴ አይዞሽ፣ የብዙ እናቶች እንዲህ ነው" ብሎ ጣቶቿን በእርጥብ ሶፍት አንድ በአንድ ጠርጎ ራሱ እየተጫነላት እስኪያነብ ድረስ ታገሰ። እግዜር ይስጠው። አንዴ ከተሰጠ አሻራው ለ59 ወር ስለሚቀመጥ በዛ ጊዜ ውስጥ ደግማ ብታመለክት በድሮው መጠቀም ይችላሉ።

ቪዛው ተሰጣት፣ ሲንግል ኢንትሪ (አንዴ ብቻ የሚያስገባ)፣ ልክ ለጠየቅናቸው ቀናት። መልቲፕል የሚባል ነገር የለም። ኤጀንሲው ያልነገረን አንድ ነገር ደግሞ ቪዛው ፓስፖርት ላይ ተለጠፈ ማለት መግባት ተረጋገጠ ማለት አለመሆኑን ነው፣ ድንበር ላይ እንደገና ሊጠይቁ ይችላሉ። ፍራንክፈርት ላይ የት ነው የምታርፊው ብለዋታል፣ የእህቴን ወረቀት ኮፒ፣ ኢንሹራንሱንና የመመለሻ ቲኬቱን በእጅ ቦርሳዋ አድርገንላት ስለነበር አውጥታ ሰጠቻቸው፣ ማህተም መተው አሳለፏት። ሻንጣ ውስጥ እንዳትከቱት፣ ሻንጣው የሚገኘው ፓስፖርት ቁጥጥሩን ካለፉ በኋላ ነው።