ለዘመቻችን ባለሙያ፦ ምስጋናም ጥቆማም

ዝም ብል ህሊናዬ አይፈቅድልኝም፣ ልጻፈው።

አረጋውያን እናቶችን የምንደግፍ ትንሽ የበጎ አድራጎት ማህበር ነን። ስንት ዓመት ስንለፋ ጎረቤት እንኳ በቅጡ አያውቀንም ነበር። እናቶቻችን ከአሮጌ ልብስ የገበያ ቦርሳ ይሰፋሉ። ስለ ፕላስቲክ ከረጢት የግንዛቤ ዘመቻ ብናደርግ እኛም እንታወቃለን አልን።

ዘመቻውን በማህበራዊ ሚዲያ የሚመራልን ባለሙያ ስንፈልግ ያየነውን አበሳ ፈጣሪ ያውቃል። አንዱ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስልኩን ዘጋ። ሌላው የተከታዮቻችንን ቁጥር በአንድ ሌሊት አስመነደገው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው ግን "እንደምን አላችሁ" ያለን አንድም የለም። ሌላኛው ጭራሽ ለግንቦት 28፣ ለዓለም የአካባቢ ቀን፣ "ፕላስቲክ ይብቃ!" የሚል ትልቅ የፕላስቲክ ባነር አሠርቶ መጣ። ይሳቅ ወይስ ይለቀስ? (ባነሩ አሁን የጨርቅ ክምራችንን ከዝናብ ይጋርዳል።)

ከዚያ ይህች ልጅ መጣች። ካሜራ ከማውጣቷ በፊት እናቶቹ መሃል ቁጭ ብላ ተጫወተች። አንዷ እማማ "ፊቴ አይታይ" አሉ። "እሺ እማዬ" ብላ እጃቸውን ብቻ ቀረጸች፤ ክሩን በከንፈራቸው አርሰው መርፌ ውስጥ ሲያስገቡ። ሳትለጥፈው በፊት ተመልሳ መጥታ አሳየቻቸው። "ካልወደዱት ይጥፋ" አለቻቸው። እማማ ትኩር ብለው አዩና "መጨረሻ ላይ ስፌቴ ጠማማ ነው፣ ድገሚው" አሉ። ደገመችው! ሳትነጫነጭ። እኛን የገዛችን ያኔ ነው።

እኔ የደረደርኩትን የቁጥር ጋጋታ ሁሉ ሰርዛ አንዱን ብቻ ተወች፦ እስከ 2015 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከተጣለው ፕላስቲክ መልሶ ጥቅም ላይ የዋለው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ከሥሩ የእማማ እጅ። በቃ። በአካባቢ ቀን ሁሉም ስለሚጮህ ድምፃችን ይዋጣል ብላ ቀደም ብላ ጀመረች፤ ቀኑ ካለፈም በኋላ አላቆመችም። ስለ አልጎሪዝም ምናምን ያስረዳችኝን ግን አትጠይቁኝ።

አሁን ስልካችን አያርፍም። ጨርቅ በጆንያ ይዞ የሚመጣ አለ፣ "ቅዳሜ ላግዛችሁ" የሚል አለ። "የቦርሳ እናቶቹ ጋ ነው?" ብለው ሲደውሉ ደስታዬን አልችለውም።

ማህበር ያላችሁ፣ በገንዘባችሁም በተስፋችሁም አትቀልዱ፤ እሷን አናግሯት። ስሜን አደባባይ አታውጪው ስላለችኝ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ። እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ! ብቻ ወረፋ ይዛችሁ ለሚቀጥለው ዘመቻችን እሷን እንዳትነጥቁን።