ብሉ ከት መነጽር፣ የዓይን ጠብታ እና የልብስ ሰፊ ሜትር

ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ የደረሰበት ያውቀዋል። በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል። የእኛ ዓይን ደግሞ ከሐምሌ 1 ጀምሮ።

የምሠራው ኮምቦልቻ ነው፣ የማድረው ደሴ። ከጠዋቱ 2:30 እስከ 11:30 ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌርና ኤክሴል ላይ ተተክዬ እውላለሁ። ማታ ደግሞ ሚኒባሱ የሐረጎን ዳገት ሲወጣ እኔ ስልኬን እነካካለሁ። ዘንድሮ ከምሳ በኋላ ዓይኔን አሸዋ የገባበት ይመስል ይቆረቁረኝ ጀመር። 9 ሰዓት ሲሆን ቁጥሮቹ ብዥ ይላሉ፣ ግንባሬን ይወጥረኛል። አንድ ቀን የባንክ ሪኮንሲሌሽኑ (የባንኩንና የእኛን መዝገብ ማመሳከሪያው) በ5,000 ብር አልገጥም አለ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ፈለግኩት። ለካስ የ3,000 ብሩን ደረሰኝ 8,000 ብዬ አስገብቼው ኖሯል! 3 እና 8 መለየት አቅቶኝ።

እናቴ «ስልኩ ነው ዓይንሽን የበላው» አለች። አለቃዬ «መነጽር ግዢ» አለ። እኔም ገንዘብ የሚያስወጣውን ምክር አስቀደምኩ።

ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ወጣሁና አንድ መነጽር የሚሸጥ ሱቅ ገባሁ። ስሙን መጥራት አልፈልግም፤ የሚሸጠውም ሌላው ሁሉ የሚሸጠውን ነው። ልጁ ገና ስለ ኮምፒውተር ሳነሳ «አብሽሪ እህቴ፣ መፍትሔው እኛ ጋ ነው» አለና ከመሳቢያ ትንሽ የእጅ ባትሪ የምትመስል እስክሪብቶና አንዲት ካርድ አወጣ። መብራቷን ካርዱ ላይ ሲያበራ ነጭ የነበረው ቦታ ሰማያዊ ሆነ። መሃል ላይ ብሉ ከት የሚባለውን፣ ሰማያዊ ብርሃን ያግዳል የተባለውን መነጽር ሲይዝ ካርዱ ነጭ እንደሆነ ቀረ። «አየሽ? ጨረሩን በላው!» አይቼ አመንኩ። 1,800 ብር ያለውን 1,500 አስገባሁት። በክርክሬም ኮርቼ ወጣሁ።

ያቺ እስክሪብቶ ምን እንደሆነች የገባኝ በኋላ ነው። የምታወጣው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 405 ናኖሜትር አካባቢ የሆነ ሐምራዊ ነው። ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ግን 450 አካባቢ ነው የሚበረታው። እንዲህ ያሉት መነጽሮች ሐምራዊዋን ጥርግ አድርገው ያቆማሉ፤ ከሰማያዊው የሚያስቀሩት ጥቂቱን ነው። ልጁ አልዋሸኝም ማለት ይቻላል፤ ብቻ ያሳየኝ ሌላ ነገር ነበር። ደግሞስ ከስክሪን የሚወጣው ሰማያዊ ብርሃን በጠራራ ፀሐይ ከውጭ ከምናገኘው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው።

ሁለት ሳምንት አደረግኩት። የመጀመሪያ ቀን ደህና ነበር፤ አዲስ ነገር መቼም ሁሌ ደህና ነው። ሦስተኛው ቀን ላይ 9 ሰዓት ሲሆን ያው አሸዋ፣ ያው ብዥታ። ይባስ ብሎ ሌንሱ ቢጫ ቢጫ ስለሚል ኤክሴል ላይ ቢጫ ያቀለምኳቸውን ሳጥኖች ከነጩ ለመለየት መነጽሩን ማውለቅ ነበረብኝ። በ2023 እ.ኤ.አ. ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ተቋም 17 ሙከራዎችን አሰባስቦ አይቶ፣ እነዚህ ሌንሶች ከተራ ሌንስ የበለጠ የዓይን ድካም አይቀንሱም ይሆናል የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሷል። ይህን ያነበብኩት 1,500 ብሩን ከከፈልኩ በኋላ መሆኑ ነው የሚያናድደኝ።

ቀጥሎ ጠብታ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ዓይኔ መቅላቱን አይቶ ከመሳቢያው የተከፈተች ጠብታ አወጣ፦ «ይቺን ጠብ አድርጊ፣ ወዲያው ነው ምታጠራው»። ብልቃጧን አገላብጬ አነበብኩ። ዴክሳሜታሶን ይላል። ስቴሮይድ ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ለረጅም ጊዜ ከተጨመረ የዓይን ግፊት ከፍ አድርጎ ግላኮማ (የዓይን ነርቭን የሚጎዳ ሕመም) የሚያመጣ። ደግሞ የተከፈተ የሰው ጠብታ! አመስግኜ መለስኩለት። እሱም ትንሽ ቅር ብሎታል፤ ይበለው።

ፋርማሲ ሄጄ ሰው ሠራሽ እንባ የሚባለውን ገዛሁ። ይሄኛውን አልነቅፈውም። ይሠራል፤ ግን የሚሠራው ለምን እንደሆነ ሲገባኝ ሳቄ መጣ። ሰው ሲያወራ ወይ ሲሄድ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ይሄ ቁጥር ከግማሽ በታች ይወርዳል። እንባ የሚያዳርሰው መርገብገቡ ስለሆነ ዓይን ይደርቃል። እኔ ደግሞ የኮምቦልቻ ሙቀት ሲበዛብኝ ቬንትሌተሩን ፊቴ ላይ ደግኜ ነው የምውለው! በአንድ በኩል በብር እንባ እየገዛሁ በሌላ በኩል በመብራት አደርቀዋለሁ። ቬንትሌተሩን ወደ እግሬ አዞርኩት። ጠብታዋም አሁን እንደ በፊቱ አታስፈልገኝም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ወደ አስጻፈኝ። የአክስቴ ልጅ ጎትታ ደሴ ውስጥ ሌላ መነጽር ቤት ወሰደችኝ። ፎቅ ላይ ነው፣ ደረጃው ጨለማ፣ ወረፋ አለው። አንድ ሰዓት ከሩብ ጠበቅኩ። ይሄ ቅሬታዬ ነው። ተራዬ ሲደርስ ኦፕቶሜትሪስቷ (ዓይን ለክታ መነጽር የምታዘው ባለሙያ) ምንም መነጽር ሳታሳየኝ ጠየቀችኝ፦ «ዕድሜዎ ስንት ነው?» 42። «ስክሪኑ ከዓይንዎ ስንት ሴንቲ ሜትር ይርቃል?»

ዝም አልኩ። ስምንት ዓመት የተቀመጥኩበትን ጠረጴዛ ርቀት አላውቀውም።

«እንግዲያው ይለኩና ይምጡ» ብላ መለሰችኝ። ሳትሸጥልኝ! ሰኞ ከልብስ ሰፊ ሜትር ተውሼ ለካሁ። የቢሮው ስክሪን 64 ሴንቲ ሜትር፣ ቤት የምጠቀምበት ላፕቶፕ 40። በሳምንቱ ቁጥሩን ይዤ ተመለስኩ። ያንን ግዙፍ ማሽን አገጬን አስደግፋ ካየችኝ በኋላ ሌንስ እየቀያየረች «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» ትለኛለች። ስመነታ አትቆጣም፣ ትደግመዋለች። በመጨረሻ ለሁለቱም ዓይኔ ትንሽዬ የቅርብ ቁጥር፣ ለቀኙ ደግሞ የትንሽ አስቲግማቲዝም (የዓይን ቅርጽ መዛባት የሚያመጣው ብዥታ) ማስተካከያ ጻፈችልኝ። ከ40 በኋላ ዓይን ውስጥ ያለው ሌንስ እየደደረ ስለሚሄድ ቅርብ ለማየት ዓይን ከልኩ በላይ ይታገላል አለችኝ። ለካስ ሲያደክመኝ የነበረው ጨረሩ ሳይሆን ትግሉ ነው። ብሉ ከት ይጨመርበት ወይ ብላት «ከፈለጉ እጨምርልዎታለሁ፤ ግን አያስፈልግዎትም» አለች። እንዲህ የሚል ነጋዴ ስንት አለ?

ፍሬምና ሌንስ 2,600 ብር፣ ምርመራው ለብቻው 200። ርካሽ አይደለም። አራት ቀን ብለው በሰባተኛው ቀን ነው ያደረሱልኝ፤ ይሄም ሁለተኛው ቅሬታዬ ነው። ግን 3 እና 8 ተለያይተዋል። ሩቅ ለማየት አይሆንም፣ ሚኒባስ ውስጥ አወልቀዋለሁ።

ያለ ገንዘብ ያደረግኳቸው ነገሮችም አሉ። ስክሪኑ ፊት ለፊት ባለው መስኮት ላይ ነበር ጀርባውን የሰጠው፤ ከኋላው የሚመጣው ብርሃን ያጠወልገኝ ነበር። ጠረጴዛውን አዙሬ መስኮቱን በጎኔ አደረግኩት። የስክሪኑን አናት ከዓይኔ ትንሽ ዝቅ አደረግኩ። በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ ያህል ከ6 ሜትር በላይ ራቅ ያለ ነገር ማየት ጥሩ ነው ይባላል። በየ20 ደቂቃው ማን ያስታውሳል? እኔ ግን ሙስሊም ባልደረቦቼ ለዙሁርና ለአስር ሶላት ሲነሱ አብሬ እነሳለሁ፤ ቡና ሲፈላም አቦሉን ቆሜ ነው የምጠጣው፣ ተራራው ላይ እያፈጠጥኩ። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ላፕቶፑን በጨለማ ቤት በሙሉ ብሩህነቱ መክፈት ትቻለሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ዓይኑን በጣም የሚያመው ወይም ድንገት ማየት የቀነሰበት ሰው መነጽር ቤት ጊዜ አያጥፋ። ቶሎ ሆስፒታል ይሂድ፤ ለደሴ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ሩቅ አይደለም።

የ1,500 ብሩን ብሉ ከት ለታናሽ ወንድሜ ሰጠሁት። ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ። ትናንት ስጠይቀው በጣም ወዶታል፤ አቧራ አያስገባም አለኝ።