የክፍለ ጊዜ ማስታወሻዎቼን መልክ ላስያዙልኝ ባለሙያ ምስጋናና ጥቆማ

በኮቺንግ ሥራ (ደንበኞች ግባቸው ላይ እንዲደርሱ በውይይት የማገዝ ሥራ) ላይ ያለን ሰዎች በየክፍለ ጊዜው ማስታወሻ እንይዛለን፤ መለስ ብለን የምናነበው ግን ብዙውን ጊዜ ደንበኛው በር ላይ ሲደርስ፣ ያውም የመጨረሻውን ገጽ ብቻ ነው። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ስሠራ ቆይቻለሁ። በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት ከእነዚሁ ማስታወሻዎች ለቀጣዩ ክፍለ ጊዜ የሚሆን ሐሳብ እንዳገኝ ያደረጉኝን የዳታ ባለሙያ ለማመስገንና ለሥራ ባልደረቦቼም ለመጠቆም ይህን ጽፌያለሁ። ስማቸው በአደባባይ እንዳይጠቀስ ስለጠየቁኝ አልጠቀስኩትም።

ባለሙያዋ ገና ሥራውን ሳይጀምሩ «ደንበኞችዎ ማስታወሻቸው በዚህ መንገድ እንዲታይ ፈቅደዋል?» ብለው ጠየቁኝ፤ እንዳላስፈቀድኩ ስነግራቸውም የእያንዳንዱን ፈቃድ በጽሑፍ እስካመጣ ድረስ አንድም ገጽ አልከፈቱም። የዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የሥነ ምግባር ደንብ የደንበኛን ምስጢር መጠበቅ ግዴታ እንደሚያደርግ እኔ ላስረዳቸው ሲገባ እርሳቸው አስታወሱኝ፤ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የሰዎችንና የመሥሪያ ቤቶችን ስም በመለያ ቁጥር ተክተው፣ የቁጥሮቹ መፍቻ በእኔ እጅ ብቻ እንዲቀር አደረጉ።

ይበልጥ ያስደሰተኝ ግን ለቃላት የሰጡት ጥንቃቄ ነው። የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ የመጀመሪያ ሙከራ ደንበኞች «እሞክራለሁ»፣ «እስቲ ላስብበት» እና «አደርገዋለሁ» ያሉባቸውን ቦታዎች ሁሉ «ተስማምቷል» ብሎ ጠቀለላቸው፤ በእኛ ሥራ ደግሞ በእነዚህ አነጋገሮች መካከል ያለው ልዩነት ራሱ የአንድ ሰዓት ውይይት ነው። እንዲያውም አንድ ጊዜ የአንዱን ደንበኛ ማመንታት ከአስተዳደጉ ጋር አያይዞት ነበር፤ እኔ ስለ ሰውየው አስተዳደግ አንዲት መስመር ጽፌ አላውቅም። ባለሙያዋ ሁለቱንም ካዩ በኋላ ማንኛውም ሐሳብ የደንበኛውን ቃል እንዳለ ከነቀኑ እንዲጠቅስ፣ ማስረጃ ሲታጣም ቦታው ባዶ እንዲተው አድርገው እንደገና ሠሩት።

አሁን ከየቀጠሮው በፊት የሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ከማስታወሻዎቼ ያዘጋጀልኝን አንድ ገጽ አነባለሁ። በቅርቡ አንዱ ገጽ፣ አንዲት ደንበኛዬ ስለ ሥራ ድርሻዋ አለቃዋን እንደምታነጋግር በ2ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ክፍለ ጊዜ በተለያየ አነጋገር መናገሯን ጎን ለጎን አስቀምጦ፣ «እስካሁን ለምን አላነጋገሩም?» የሚል ጥያቄ አቀረበልኝ። ሦስቱንም በገዛ እጄ ጽፌያቸው ሳለ አንድ ጉዳይ መሆናቸውን አላስተዋልኩም ነበር። ጥያቄው ወቀሳ ስለመሰለኝ ግን «ከአለቃዎ ፊት ተቀምጠው ሲያስቡት መጀመሪያ የሚታይዎት ምንድን ነው?» በሚል ለወጥኩት፤ ሰዓቱም በዚሁ አለቀ።

ማስታወሻቸውን በቀን ለይተው ለሚይዙ አገልግሎቱን ያለማመንታት እጠቁማለሁ። የድምፅ ቅጂ ብቻ ላላቸው ግን ወደ ጽሑፍ ሲገለበጥ ስህተቱ ስለሚበዛ፣ ባለሙያዋ ራሳቸው ገና ከመነሻው «አይቸኩሉ» ይላሉ። የሚፈልጋቸው በውስጥ መስመር ቢጽፍልኝ መልእክቱን አደርስላቸዋለሁ።